ሲዲኬ2፦ ሳይክሊን ከተያያዘ በኋላ ትሪዮኒን 160 ላይ የሚገባው ፎስፌት ምን ይሠራል?

ማራኪ_ባዮኬም

እንዴት ሰነበታችሁ። እዚህ ጎንደር ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ የህዋስ ክፍፍልን የሚያስኬዱ ካይኔዞች (ፎስፌት የሚያስገቡ ኢንዛይሞች) በመዋቅር ደረጃ እንዴት እንደሚታሰሩና እንደሚፈቱ የሚል ነው። ማሳያ ያደረግሁት የሰውን ሲዲኬ2 ነው። ሳነበው የገባኝ ይመስለኛል፤ ስላይድ ላይ ላሰፍረው ስቀመጥ ግን ይጠፋብኛል።

አንደኛ፣ ሳይክሊን (የሚያነቃው አጋር ፕሮቲን) ያልያዘው ብቸኛ ሲዲኬ2 የፎስፌቱን ምንጭ ኤቲፒን ይይዛል። ክሪስታሉ ውስጥም ኤቲፒው ቦታው ላይ ተቀምጦ ይታያል። ታዲያ ለምን አይሠራም? ሁለተኛ፣ ሳይክሊን ኤ ሲያያዝ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል ይባላል። ከተመለሰ ትሪዮኒን 160 ላይ የሚጨመረው ፎስፌት ጥቅሙ ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ትሪዮኒን 14 እና ታይሮሲን 15 ላይ የሚገባውም ያው ፎስፌት ነው፤ እሱ ግን ኢንዛይሙን ያጠፋዋል። «ፎስፌት አብሪ ነው ወይስ አጥፊ?» ተብዬ እንደምፋጠጥ አልጠራጠርም።

በዚያ ላይ ፓይሞል በሚባለው የሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራም ውስጥ ቲ-ሉፑ (ትሪዮኒን 160 ያለበት ክፍል) መሃሉ ላይ ተበጥሶ ነው የሚታየኝ። ትሪዮኒን 160ን ብፈልገው ብፈልገው የለም። የምታውቁ እህታችሁን አግዙኝ።

ራስ_ግንብ

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን እኔ ልውሰደው።

ሲዲኬ2 298 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ 34 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን ትንሽ ካይኔዝ ነው። ላይኛው ትንሹ ሎብ አምስት የቤታ ክሮችና ሲ-ሄሊክስ የሚባል አንድ ዋና ሄሊክስ አለው። ታችኛው ትልቁ ሎብ አብዛኛው ሄሊክስ ነው። ኤቲፒ የሚገባው በሁለቱ መካከል ባለው ስንጥቅ ነው።

ኤቲፒን መያዝ ሌላ፣ ኤቲፒን ሥራ ላይ ማዋል ሌላ። ሦስተኛው ፎስፌት ወደ ሰብስትሬቱ (ፎስፌቱን ወደሚቀበለው ፕሮቲን) እንዲዘል የሦስቱ ፎስፌቶች ጅራት በትክክለኛው አቅጣጫ መዘርጋት አለበት። ጅራቱን የሚያስተካክለው ላይሲን 33 ነው። ላይሲን 33 ደግሞ ራሱ ደጋፊ ይፈልጋል፤ ደጋፊው ሲ-ሄሊክስ ላይ ያለው ግሉታሜት 51 ነው። በብቸኛው ሲዲኬ2 ውስጥ ሲ-ሄሊክሱ ወደ ውጭ ስለዞረ ግሉታሜት 51 ፊቱን ወደ ውሃው አዙሯል። ላይሲን 33 አጋሩን ሲያጣ ወደ አስፓርቴት 145 ያዘነብላል። ስለዚህ ኤቲፒው አለ፣ ጅራቱ ግን ጠምሟል። እጀታውን ይዘሽው ስለቱ ወደ ሌላ የዞረ ማጭድ አድርገሽ አስቢው።

ይህ አንዱ መቆለፊያ ነው። ሁለተኛው ቲ-ሉፑ ነው፤ ከአስፓርቴት 145 ጀምሮ እስከ 172 ድረስ ያለው ክፍል። ብቸኛው ኢንዛይም ላይ ይህ ሉፕ ስንጥቁ አፍ ላይ ተጋድሞ የሰብስትሬቱን መግቢያ ይዘጋል። መነሻው አካባቢም አጭር ሄሊክስ ሠርቶ ሲ-ሄሊክሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ እንደ ሽብልቅ ይወተፋል። ሁለቱ መቆለፊያዎች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው ማለት ነው፤ አንዱን ብቻ ነጥለሽ መክፈት አትችይም።

ሳይክሊን ኤ ከጎን መጥቶ በዋናነት የሚጨብጠው ሲ-ሄሊክሱን ነው። እዚያ ከ45 እስከ 51 ያሉት አሚኖ አሲዶች ፕሮሊን፣ ሴሪን፣ ትሪዮኒን፣ አላኒን፣ አይሶሉሲን፣ አርጂኒን፣ ግሉታሜት ናቸው፤ መጽሐፎቹ በየመነሻ ፊደላቸው «ፒስቴር» እያሉ የሚጠሩት ይህንን ነው። ሳይክሊን ሲይዘው ሄሊክሱ በራሱ ዘንግ 90 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ግሉታሜት 51 ላይሲን 33ን ያገኘዋል። ሽብልቁ ሄሊክስ ይፈታና ቲ-ሉፑ ከአፉ ላይ ይነሳል፤ አንዳንድ ቦታው እስከ 21 አንግስትሮም ይጓዛል። ለፕሮቲን ይህ ሩቅ መንገድ ነው። ሳይክሊኑ ራሱ ግን ብቻውን ሲሆንም ተያይዞም ቅርጹ ያው ነው። እሱ ቃሊቡ፣ ሲዲኬው ጭቃው።

ለስላይድሽ፦ ብቸኛው ሲዲኬ2 መጀመሪያ የታየው በ1993 ከሱንግ-ሆ ኪም ቤተ ሙከራ ነው፤ ከሳይክሊን ኤ ጋር ያለው በ1995 ከኒኮላ ፓቭሌቲች ቤተ ሙከራ።

አንገረብ

ሁለተኛውን እኔ እቀጥላለሁ።

በ1995ቱ ስትራክቸር ትሪዮኒን 160 ገና ፎስፌት አልያዘም። ግሉታሜት 51 እና ላይሲን 33 ተገናኝተዋል፣ ኤቲፒውም ተስተካክሏል። እስከዚህ ያለው የሳይክሊን ሥራ ነው። ያልተስተካከለው የቲ-ሉፑ ታችኛው ግማሽ ነው፤ ሰብስትሬቱ የሚያርፍበት መደብ ማለት ነው። ትሪዮኒን 160 ግን ብቸኛው ኢንዛይም ውስጥ ተደብቆ የነበረው አሁን ወደ ውጭ ወጥቷል። ስለዚህ ካክ የሚባለው ኢንዛይም፣ በሰው ሲዲኬ7 ከሳይክሊን ኤች እና ከማት1 ጋር ሆኖ፣ መጥቶ ፎስፌት ሊያስቀምጥበት ይችላል።

ፎስፌቱ ሲገባ ሦስት አርጂኒኖች ይከቡታል፦ 50፣ 126 እና 150። የመጡበትን ልብ በይ። 50 ከሲ-ሄሊክስ፣ 126 ኬሚስትሪው ከሚሠራበት ሉፕ (ከዋናው አስፓርቴት 127 ጎን)፣ 150 ከራሱ ከቲ-ሉፑ። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት ነው። ልዩነቱ ጉልቻ ድስት ባይኖርም ባለበት ይቆማል፤ አርጂኒኖቹ ግን ሦስቱም ፖዘቲቭ ስለሆኑ መሃላቸው ኔጋቲቭ ነገር ካልገባ ይገፋፋሉ። ፎስፌቱ ሲገባ ሦስት የተለያዩ የኢንዛይሙን ክፍሎች በአንድ ቋጠሮ ያስራል፤ ቲ-ሉፑም እስከ 7 አንግስትሮም ድረስ ተንቀሳቅሶ ይረጋል። ይህ በ1996 ታየ።

ነገሩ ሙሉ የሚሆነው ግን የ1999ኙን ስትራክቸር ስታዪ ነው፤ ሰብስትሬት ፔፕታይድ አብሮ ስላለበት። ሲዲኬ2 የሚወደው ተከታታይ ሴሪን ወይም ትሪዮኒን፣ ቀጥሎ ፕሮሊን፣ ከዚያ ማንኛውም፣ ከዚያ ላይሲን ወይም አርጂኒን ነው። ፕሮሊኑ ለምን? ቲ-ሉፑ ላይ ቫሊን 164 ያልተለመደ ጥምዝ ስላለው የጀርባው ኦክስጅን ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ሌላ አሚኖ አሲድ እዚያ ቢመጣ የጀርባው ናይትሮጅን-ሃይድሮጅን የሚይዘው አጋር ያጣል። ፕሮሊን ግን መጀመሪያውኑ ያ ሃይድሮጅን ስለሌለው የሚያጣው ነገር የለም። ያ ጥምዝ የሚጸናው ደግሞ ቲ-ሉፑ ሲረጋ ነው። በሦስተኛው ቦታ ያለው ላይሲን በቀጥታ ሄዶ የሚይዘው የትሪዮኒን 160ን ፎስፌት ራሱን ነው። ስለዚህ ስላይድሽ ላይ «ፎስፌቱ መዋቅሩን ያጸናል» ብለሽ ብቻ አታቁሚ፤ ሰብስትሬት መያዣውም አካል ነው።

በቁጥር ሲለካ ሳይክሊን ኤ ፍጥነቱን 40,000 እጥፍ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ፎስፌቱ በዚያ ላይ ወደ 300 እጥፍ ይጨምርበታል። «ሳይክሊን ካለ በቃ» የሚለው አባባል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ትሪዮኒን 14 እና ታይሮሲን 15 ያሉት ግላይሲን በበዛበት ሉፕ ላይ፣ ከኤቲፒው በላይ እንደ ጣሪያ በሚሸፍነው ክፍል ነው። እዚያ የሚጠብቅ የአርጂኒን ጉልቻ የለም። ዊ1 ታይሮሲን 15 ላይ፣ ሚት1 ሁለቱም ላይ ፎስፌት ያስገባሉ፤ ሲዲሲ25 ያወጣዋል። ፎስፌቱ ጣሪያው ላይ ስለሆነ ኤቲፒ እንዳይገባ ይከለክላል።

ጎሃ_ማዶ

አንገረብ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስተካክላት። ብዙ መጽሐፍ እንዲያ ይላል፤ ሲለካ ግን እንዲያ አልሆነም። ታይሮሲን 15 ላይ ፎስፌት ያለው ሲዲኬ2 ከሳይክሊን ኤ ጋር በ2007 ተጠንቷል። ኤቲፒን የመያዝ አቅሙ ብዙም አልተለወጠም። የወደቀው ፔፕታይድ ሰብስትሬቱን የመያዝ አቅሙና የመሥሪያ ፍጥነቱ ነው። የታይሮሲን 15 ፎስፌት ያለው ሰብስትሬቱ በሚያርፍበት በር በኩል ስለሆነ የሚያውከው ሰብስትሬቱን ነው። ሴሚናር ላይ «ኤቲፒን ይከለክላል» ካለች አንዱ ይይዛታል።

ሌላው የቀረው ሲዲኬ2ን የሚያግደው ፕሮቲን ፒ27 ነው፤ እሱ ሳይነሳ ስለ ቁጥጥር ማውራት ጎዶሎ ይሆናል። የ1996ቱን የሦስትዮሽ ስትራክቸር ክፈቺ፦ ሲዲኬ2፣ ሳይክሊን ኤ፣ ፒ27። ፒ27 ብቻውን ቋሚ ቅርጽ የለውም፤ እንደ ክር የላላ ነው። መጀመሪያ ሳይክሊኑ ላይ ያለችውን ውሃ የምትሸሽ ጎድጓዳ ይይዛል። ከዚያ ረጅም ሄሊክስ ሠርቶ ወደ ሲዲኬው ይሻገራል። ላይኛው ሎብ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን የቤታ ክር ልጦ አውጥቶ ራሱ በቦታው ይገባል። በመጨረሻም ታይሮሲን 88ን የኤቲፒው አዴኒን መቀመጥ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ይሰካል። ቤት ሰብሮ ገብቶ አልጋው ላይ መተኛት ይሏል ይህ ነው። እዚህ ላይ ነው «ኤቲፒን ይከለክላል» የሚለው በትክክል የሚሠራው።

መውጫውም ያው ታይሮሲን 88 ነው። እንደ ሊን እና ኤብል ያሉ የታይሮሲን ካይኔዞች ፎስፌት ሲያስገቡበት ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ሲዲኬው በከፊል ይነቃና እዚያው የተጣበቀበትን ፒ27 ትሪዮኒን 187 ላይ ፎስፌት ያስገባበታል። ከዚያ ስኪፕ2 ያለበት ማሽን የመፍረሻ ምልክት የሆነውን ዩቢኩቲን ይለጥፍበትና ይፈርሳል።

ማራኪ_ባዮኬም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደ ፋሲል ግቢ አሥራ ሁለት በር ባይኖረውም በየበሩ ጠባቂ አለው ማለት ነው። ፓይሞሉን ግን ማንም አልነካልኝም። ያወረድኩት 1ኪውኤምዜድ የሚባለውን የስትራክቸር ፋይል ነው፤ ውሃውንና ማግኒዚየሙን ለማጥፋት ብዬ ሄትአተም የሚባሉትን (ከተለመዱት አሚኖ አሲዶች ውጭ ያሉትን አቶሞች) ሁሉ ካስወገድኩ በኋላ ነው ቲ-ሉፑ የተበጠሰው። ሌላ ደግሞ ሁለት ሲዲኬ እና ሁለት ሳይክሊን ይታየኛል። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሠራው?

ራስ_ግንብ

ነገሩን ራስሽ ተናግረሽዋል። ፎስፌት የያዘ ትሪዮኒን ፋይሉ ውስጥ ትሪዮኒን ተብሎ አልተመዘገበም፤ ቲፒኦ በሚል የሦስት ፊደል ስም፣ ከሄትአተም መደብ ነው የተጻፈው። ሄትአተሙን ሁሉ ስታጠፊ ውሃውን፣ ኤቲፒውን፣ ማግኒዚየሙን፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ የሴሚናርሽን ዋና ጀግና አብረሽ ጠራርገሻል። «ትሪዮኒን» ብለሽ በስም ስትፈልጊም የማታገኚው ለዚሁ ነው። በቁጥር ፈልጊው፤ 160። ለማጥፋት ስትፈልጊ ውሃን ብቻ ምረጪ።

ሁለት ሁለት የታየሽ ክሪስታሉ ውስጥ በአንድ መለኪያ ክፍል ሁለት ቅጂ ስላለ ነው። የሥራ ጥንድነት አይደለም። ሰንሰለት ኤ ሲዲኬው፣ ቢ ሳይክሊኑ ነው፤ ሲ እና ዲ ሁለተኛው ቅጂ ናቸው፣ ኢ እና ኤፍ ፔፕታይዶቹ። ሲ፣ ዲ እና ኤፍን ደብቂያቸው።

የሚያስፈልጉሽ አምስት ፋይሎች ናቸው፦ 1ኤችሲኬ ብቸኛው ከኤቲፒ ጋር፣ 1ኤፍአይኤን ከሳይክሊን ኤ ጋር፣ 1ጄኤስቲ ፎስፌት የገባበት፣ 1ኪውኤምዜድ ፔፕታይድ ያለበት፣ 1ጄኤስዩ ከፒ27 ጋር። ሁሉም ቀላል ፋይሎች ናቸው፤ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ በጠዋት አንዴ አውርጂና ፍላሽ ላይ ያዢያቸው። ሴሚናሩ ዕለት ከኢንተርኔት እጠራለሁ እንዳትይ። ሥራሽንም በየደረጃው እንደ ሴሽን አስቀምጪ፤ መብራት ሲሄድ ፓይሞል ምንም አይተርፍልሽም።

ስታደራርቢያቸው ሙሉውን ሞለኪውል አታደራርቢ። ሙሉውን ካደረግሽ ፕሮግራሙ ስህተቱን ለሁለቱ ሎቦች ያካፍለውና ሁለቱም ትንሽ ትንሽ የተነቃነቁ ይመስላሉ። በታችኛው ሎብ ብቻ፣ ከ85 እስከ 298፣ ቲ-ሉፑን ከ145 እስከ 172 አውጥተሽ አደራርቢ። ያኔ ሲ-ሄሊክሱ ሲዞርና ቲ-ሉፑ ሲነሳ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ከላይሲን 33 ጫፍ ናይትሮጅን እስከ ግሉታሜት 51 ኦክስጅኖች ያለውን ርቀት ለኪ፤ የሚሠራው ላይ 3 አንግስትሮም አካባቢ ታገኛለሽ፣ ብቸኛው ላይ ሁለቱ አይተያዩም። የአርጂኒኖቹንም ርቀት ከፎስፌቱ ኦክስጅኖች እንዲሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 1ጄኤስቲ 2.6 አንግስትሮም ጥራት ያለው ነው። በዚህ ጥራት «2.83 ነው፣ እዚያኛው 2.97 ነው» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም።

አንገረብ

ጎሃ_ማዶ ስለ ታይሮሲን 15 ያልከው ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። ለልጅቷ አንድ ልጨምር፦ የሲዲኬ2ን ታሪክ ለሁሉም ሲዲኬ እንዳታደርጊው። ሲዲኬ4 ከሳይክሊን ዲ ጋር በ2009 ሲታይ ሳይክሊን ተያይዞበትም ሲ-ሄሊክሱ ወደ ውስጥ አልገባም ነበር፤ የማይሠራውን ቅርጽ እንደያዘ ነው የቆየው። ሚቶሲስን በቀጥታ የሚያስጀምረው ሲዲኬ1 ደግሞ ከሳይክሊን ቢ ጋር ያለው መገናኛ ከሲዲኬ2 እና ሳይክሊን ኤ ጠባብ ነው፤ ያ ስትራክቸር የወጣው በ2015 ነው። እዚያ ቁጥሩም 161 ነው፣ 160 አይደለም። «ሲዲኬ2 ለህዋስ ክፍፍል የግድ ነው» ብለሽም አትጻፊ፤ ሲዲኬ2 የሌላት አይጥ በሕይወት ትኖራለች፣ ሲዲኬ1 የሌላት ግን ገና ፅንስ ሳለች ትጠፋለች። ሲዲኬ2 የታወቀው ክሪስታል ስለሰጠ ነው።

አዘዞ_ላብ

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ካላላችሁብኝ። ሲዲኬ2ን በኢ. ኮላይ አምርተን ፎስፌት የገባበትንና ያልገባበትን ጄል ላይ ስናነጻጽር ፎስፌት የገባበት ባንድ ወደ ታች ወርዶ ነው የሚታየው። ፎስፌት ሲጨመር ክብደቱ መጨመር የለበትም? ናሙናው ተቀያይሮብን ይሆን?

ጎሃ_ማዶ

አልተቀያየረባችሁም። ትሪዮኒን 160 ላይ ፎስፌት ያለው ሲዲኬ2 በኤስዲኤስ ጄል ላይ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ከ34 ወደ 33 ኪሎዳልተን የወረደ ይመስላል። በጣም የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ሰው ንጽህናውን የሚያረጋግጠውም በዚያ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ከ12 እስከ 15 በመቶ ጄል አድርጋችሁ ሰማያዊው ቀለም ከጄሉ ወጥቶ እስኪሄድ ድረስ አስኪዱት፤ ሁለት ባንድ ካያችሁ ግማሹ ፎስፌት አልገባበትም ማለት ነው።

ኢ. ኮላይ ካክ የለውም። ስለዚህ ሲዲኬ2ን ብቻ ካመረታችሁ የምታገኙት ባዶውን ነው። የተለመደው መፍትሔ የእርሾውን ካክ1 በዚያው ባክቴሪያ ውስጥ አብሮ ማምረት ነው፤ እሱ ብቻውን የሚሠራ አንድ ፕሮቲን ነው፣ ሳይክሊን ያልያዘውንም ሲዲኬ2 ፎስፌት ያስገባበታል። ሳይክሊን ኤውን ሙሉውን አታምርቱ፤ ከ173 እስከ 432 ያለው ቁራጭ በቂ ነው፣ በደንብም ይሟሟል። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ጄል ፊልትሬሽን ስታሳልፉ ጥንዱ 64 ኪሎዳልተን አካባቢ መውጣት አለበት።

ሥራውን ስትለኩ 50 ሚሊሞላር ሄፔስ ፒኤች 7.5፣ 10 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ 1 ሚሊሞላር ዲቲቲ፣ 100 ማይክሮሞላር ኤቲፒ፣ ሰብስትሬቱ ሂስቶን ኤች1፤ በ30 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ። ምንም ሥራ ካላያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የማስቀመጫውን በፈር ነው። ኢዲቲኤ ካለበት ማግኒዚየሙን ይጠጣዋል። ሥራው አለ ግን ከኢንዛይሙ መጠን ጋር አልሄድ ካለ ደግሞ ጊዜው በዝቶ ሰብስትሬቱ አልቋል፤ በ2፣ በ5 እና በ10 ደቂቃ ናሙና አውጡና መስመሩ ቀጥ የሚልበትን ተጠቀሙ።

ማራኪ_ባዮኬም

ሄትአተሙን መልሼ 160ን በቁጥር ፈለግሁት፣ ተገኘ። ሦስቱ አርጂኒኖች ከበውት ተቀምጠዋል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ስንት ስዕል ይበቃኛል? ሃያ ደቂቃ ነው የተሰጠኝ።

ራስ_ግንብ

አራት። ብቸኛው፣ ከሳይክሊን ጋር፣ ፎስፌትና ፔፕታይድ ያለበት፣ ፒ27 ያለበት። ካሜራውን አንዴ አስተካክለሽ ለአራቱም አንድ አድርጊው፤ በየስዕሉ ማዕዘኑ ከተቀያየረ ሰው ምን እንደተንቀሳቀሰ አያይም። ሲ-ሄሊክሱን ብርቱካናማ፣ ቲ-ሉፑን ቀይ፣ ሌላውን ሁሉ ግራጫ። ቢጫ አትጠቀሚ፤ ነጭ ጀርባ ላይ ፕሮጀክተሩ ይበላዋል።